ለአክስቴ ቀለብ ሊቆርጡላት መጡ

የአክስቴ ባል ሙት ዓመት በወጣ ማግስት፣ ዘመድ ገና ሳይበተን፣ የሟች ወንድሞች ሽማግሌ ይዘው መጡ። እኔ ለሙት ዓመቱ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ወርጄ ነበርና ጓዳ ሆኜ ቡና እቆላ ነበር። ነገሩ በደግ ቃል ነው የተጀመረው። ታላቁ ወንድም ብድግ ብሎ «ወንድማችንን በወጉ ቀበርን፣ ተዝካሩንም ሙት ዓመቱንም አደረስን። እንግዲህ እሷም ብቻዋን ናት። መሬቱን እኛ እያረስን በየዓመቱ ቀለቧን እንቆርጥላታለን። ወደ ወገኖቿ ልሂድ ካለችም አንከፋባትም» አለ።

ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የነሳኝ ይኸው ነው። ሰውየው ደግ እየሠራ ነው የመሰለው። አክስቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያረመችበትን፣ ያጨደችበትን፣ ኩበት የለቀመችበትንና ልጅ አዝላ ምሳ የተመላለሰችበትን መሬት እጅግ በለሰለሰ አነጋገር ከእጇ እያወጣ፣ በምትኩ ጥቂት ቁና ጤፍ እየሰጣት ነበር። ከተቀመጡት መካከል «ይኼማ ነውር ነው» ብሎ የተቆጣ ሰው አላየሁም። አንዳንዶቹማ «ደግ ብለሃል» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

የሴቶች መብት ሲከበር ድህነት ይቀንሳል የሚለውን አባባል በየስብሰባው፣ በየሪፖርቱ፣ በየዓመቱ ማርች 8 እንሰማዋለን። ሐሰት አይደለም። ግን በየትኛው በር ገብቶ ነው የሚቀንሰው? ሕግ ማሳ ላይ ወጥቶ አያርስም፣ እህል አይወቃም። የማምነውን ያመንኩት ያን ዕለት አክስቴ ቤት በሆነው ነገር ነውና እሱን ልናገር።

ሁለተኛው ፎቶግራፍ

አክስቴ ወዲያው አልመለሰችም። ከመደቡ ተነስታ ወደ ሳጥኗ ሄደችና በፌስታል ተጠቅልሎ በነጠላ ቁራጭ የታሰረ ነገር አወጣች። አረንጓዴው ደብተር ነበር፤ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው። ከሽማግሌዎቹ መካከል መሬት ሲመዘገብ በቀበሌው ኮሚቴ ውስጥ ያገለገሉ አንድ አዛውንት ነበሩና ለሳቸው ሰጠቻቸው።

ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ማሳ በማሳ ሄዱ፤ ስፋቱን፣ በምሥራቅ የሚያዋስነውን፣ በምዕራብ የሚያዋስነውን፣ በሰሜን መንገዱን፣ በደቡብ ወንዙን። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ግን ሲነበብ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ደብተሩን ወደ ሰው አዙረው ሁለቱን ፎቶግራፎች አሳዩ። አንዱ ላይ ሟች ነው። ሁለተኛው ላይ አክስቴ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ፣ ካሜራውን ፈርታ ዓይኗን አፍጥጣ። ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ታላቁን ወንድም «ይህች ማን ናት?» አሉት።

«የወንድሜ ሚስት ናት።»

«እዚህ የተጻፈችው ባለይዞታ ተብላ ነው።»

ታላቁ ዝም አለ። ታናሹ ግን ተነስቶ «ሴት አታርስም! ታዲያ ማን ሊያርስላት ነው?» አለ። ሽማግሌው ደብተሩን እያጠፉ «እሱንማ እሷን ጠይቃት» አሉት። አክስቴም ድምፅዋን ሳታነሳ «አባቶቼ፣ ቀለብ መቁረጥ ከተፈለገ እኔ ልቁረጥላቸው» አለች።

ደጋግሜ የማስበው ያችን ቅጽበት ነው። ታናሹ ወንድም የጠየቀው እሷን ሊያሸንፍ ነበር፤ ግን ጥያቄው ራሱ ሽንፈት ነበረው። ጥቂት ቀደም ብሎ ክርክሩ እሷ እዚያ ትኑር አትኑር የሚል ነበር። አሁን ማን ያርስላት፣ በምን ውል ይረስላት የሚል ሆነ። ሽማግሌዎቹም የቀረውን ጊዜ የጨረሱት በዚሁ ነው፤ የማዳበሪያው ወጪ ከማን ይሁን፣ ገለባው ለማን ይቅር እያሉ። አክስቴ ያሸነፈችው ክርክሩን ከማሸነፏ በፊት ነው፤ ክርክሩ ቦታ ሲቀይር።

ያ ደብተር በአንድ ቀን የተሠራ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍና በማስተዳደር እኩል መብት አላቸው ካለ በኋላ ቃሉን ወደ ማሳ ማውረድ ዓመታት ፈጅቷል። ትግራይ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ቀድማ ስትጀምር ደብተሩ ላይ የሰፈረው የቤተሰቡ ኃላፊ ስም ብቻ ነበር፤ ባል ባለበት ቤት ደግሞ ኃላፊው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። አማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ምዝገባውን ሲጀምር የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲጻፍ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ አደረገ። ሕዝቡ ራሱ የመረጠው ኮሚቴ ገመድ ይዞ፣ አዋሳኞችን በምስክርነት አቁሞ ለካ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአራቱ ትልልቅ ክልሎች ለ6 ሚሊዮን ያህል ቤተሰቦች ከ20 ሚሊዮን በላይ ማሳዎች ተመዘገቡ። ለአንድ ማሳ የወጣው ወጪ 1 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። ለድሃ ሴት ስለተደረገ ነገር ስናወራ ከዚህ በርካሽ ዋጋ ይህን ያህል የሠራ እኔ አላውቅም።

አክስቴ ፎቶ የተነሳችበትን ቀን ታስታውሰዋለች። ፎቶ አንሺው በገበያ ቀን ወደ ቀበሌው መጥቶ ነበር። ባሏ «ለአንድ ቤት ሁለት ፎቶ ምን ይሠራል?» ብሎ በገንዘቡ አጉረምርሞ ነበር፤ ግን ያለ ሁለተኛው ደብተሩ አይሰጥም ስለተባለ ከፈለ። በሕግ ላይ የምወደው ይህን ነው። ባልየው ስለ እኩልነት አምኖ እስኪመጣ አልተጠበቀም። ሁለተኛ ፎቶ አምጣ ተባለ፣ አመጣ።

አያቴም መብት ነበራት

«ድሮ ሴት ምንም መብት አልነበራትም፣ ዘመናዊ ሕግ አመጣላት» የሚለው ታሪክ ለጎጃም ሰው ልክ አይሆንም። በርስት ዘመን ሴት ልጅ በአባቷም በእናቷም በኩል ርስት መጠየቅ ትችል ነበር። በሰማኒያ የተጋባች ሴትም ስትፈታ ንብረት ተካፍላ መውጣት ወጉ ነበር። የእናቴ እናት ሁለቱም ነበሯት። ከመጀመሪያ ባሏ ስትፋታ ከብቱን ተካፍላለች፣ እህሉንም ተካፍላለች። መሬቱ ግን የባሏ ወገን ርስት ነውና ጥላው ወጣች። የራሷ ርስትስ? ሩቅ አገር፣ ወንድሞቿ እጅ። እሱን ለማስመለስ ደግሞ ዳኛ ፊት መቆም፣ ምስክር መቁጠር፣ ዓመት ከዓመት መሟገት ያስፈልጋል። ያን ማድረግ የሚችለው ስንቅና ጊዜ ያለው ወንድ ነበር። አያቴ አልተሟገተችም። ሁለተኛ ባል አገባች፤ እናቴ እንደነገረችኝ የወደደችው ሰው አልነበረም። ማደሪያ ያስፈልጋት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም መሬት ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት ይሰጣል ብሎ ነበር። ቃሉ አይነቀፍም። የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሰፈረው ግን አባወራው ነበርና ሚስት በመሬቱ ላይ የምትታየው በባሏ በኩል ነው።

ስለዚህ አክስቴን ከአያቴ የለያት የመብት መኖር ብቻ አይደለም። መብቱ የት ተቀመጠ፣ ማን ያውቀዋል፣ ሲነካስ ለማስከበር ምን ያህል ያስወጣል የሚለው ነው የለያቸው። የአያቴ መብት በዘመዶቿ ትዝታና በምስክሮች አንደበት ውስጥ ነበር፤ ምስክር ይሞታል፣ ወንድም ይረሳል። የአክስቴ መብት በሳጥኗ ውስጥ ነበር፣ ግልባጩም መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት። እሷ ማንበብ አትችልም። ግን ያነበቡላት አዛውንት መሬቱን በገመድ የለኩት ሰው ነበሩ። ከወንድሞቹ ወገን እንኳ «ደብተሩ ሐሰት ነው» ሊል የሚደፍር አልተገኘም፤ ምክንያቱም የራሳቸው ደብተር የቆመው በዚያው ገመድና በዚያው ኮሚቴ ላይ ነው። እሷን ሲያፈርሱ ራሳቸውን ማፍረሳቸው ነው። የሴቷ መብት ከሁሉም ሰው መብት ጋር በአንድ መዝገብ ሲታሰር እንዲህ ይጠነክራል።

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» እንላለን። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ወንድ ስለሚጠብቃቸው ሁለት ነገሮች የሚናገር ነበር። ያን ዕለት ጓዳ ሆኜ ሳደምጥ ግን ሚስቲቱ ራሷ ርስቷን ስትጠብቅ አየሁ።

በሬና ሞፈር

የታናሹ ወንድም ጥያቄ ግን ባዶ አልነበረም። ማን ያርስላታል? በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ሴት በበሬ አታርስም። ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሰበስባለች፣ ዘር ትመርጣለች፤ ሞፈር መጨበጥ ግን ነውር ነው። ያለ ወንድ የቀረች ሴት መሬት እያላት የምትደኸየው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች የሚያስተዳድሩት ማሳ ወንዶች ከሚያስተዳድሩት በሄክታር 23 በመቶ ገደማ ያነሰ ምርት እንደሚሰጥ የዓለም ባንክ ጥናት አሳይቷል። አፈሩ ጾታ አይለይም። የሚያንሰው በሬው፣ ጉልበቱ፣ ማዳበሪያው፣ የግብርና ባለሙያው ጉብኝት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለች ሴት መሬቷን በእኩል ትሰጣለች። ለማን ትስጥ ነው ጥያቄው። ድሮ ደብተር ሳይኖር መሬቱን ለባዳ የሰጠች ሴት መሬቱን የማጣት ሥጋት ነበረባት፤ ያረሰ ሰው ሲከርም የኔ ነው ይላል፣ የመሬት ድልድል ከመጣ ደግሞ «አታርሰውም» ተብሎ ይቀነስባታል። ስለዚህ ለባል ወንድም ወይም ለአማች ትሰጣለች፤ እሱ ክፉም ቢያርስ አትቀይረውም፣ ምክንያቱም ከመሬቱ ጋር ያያዛት እሱ ነው። እሱም ይህን ያውቃል። የራሱን ጤፍ ማሳ አምስት ጊዜ አርሶ የሷን ሦስት ጊዜ ቢያርስ፣ ዘር ቢያዘገይ ማን ይጠይቀዋል? ከመኸሩ ግማሹን ሲሰጣት ግማሹ ራሱ ትንሽ ነው።

አክስቴ ከሽምግልናው በኋላ የመጀመሪያውን ዓመት ለታናሹ ወንድም ሰጠችው። ቂም እንዳይያዝ ነበር፤ ዝምድናም አለ። እንደተለመደው አረሰ። በሚቀጥለው ክረምት ወሰደችና የራሱ ጥሩ ጥንድ በሬ ላለው፣ መሬት ግን ለጠበበው ጎረቤት ጎልማሳ በእኩል ሰጠች። አንዱን ማሳ ደግሞ በኮንትራት አከራይታ በገንዘቡ ጊደር ገዛች። ስልክ ደውላ ስትነግረኝ ስለ መብት አንድ ቃል አልተናገረችም። ያወራችው ልጁ ጤፉን ስንት ጊዜ እንዳረሰ፣ አረሙን እንዴት እንዳሳረመ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ታናሹ ወንድም ራሱ «ለከርሞ ደግሞ ለኔ ስጪኝ፣ እንደሱ አርሳለሁ» ብሎ መጣ። ሰጠችው፤ በውል፣ በምስክር ፊት።

በሩ ይኼ ነው ብዬ የማምነው። ደብተሩ በሬ አልሰጣትም፣ ጉልበትም አልጨመረላትም። እምቢ የማለት አቅም ግን ሰጣት፤ እሷ እምቢ ማለት ስትችል ደግሞ የሚያርስላት ሰው በደንብ ማረስ ግድ ሆነበት። በትግራይ የተካሄዱ ጥናቶችም ይህንኑ አግኝተዋል። ደብተር ካገኙ በኋላ በሴት የሚመሩ ቤተሰቦች መሬታቸውን ደፍረው ማከራየት ጨመሩ። በአማራ ክልል የተጠናው ደግሞ ደብተር የያዙ ሰዎች በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ላይ የበለጠ እንደተጉ ያሳያል። ነገ ይወሰድብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው እርከን አይሠራም።

ከተማ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ ያደርግ፣ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ፣ ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል ከቤት ውጭ የምትሠራውን ሥራ እንዲቃወም ይፈቅድለት ነበር፤ ለሴት የጋብቻ ዕድሜም 15 ዓመት ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ብዙ ከደከሙ በኋላ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አነሳ፤ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገ፣ የጋራ ንብረትንም በጋራ እንዲያስተዳድሩ ደነገገ። ሕጉ በሁሉም ክልሎች በአንድ ጊዜ ስላልጸደቀ ማወዳደር ተቻለ። ቀድሞ በጸደቀባቸው አካባቢዎች ሴቶች ከቤት ውጭ፣ በሚከፈልበትና ዓመቱን በሙሉ በሚዘልቅ ሥራ ላይ በብዛት ገቡ። የአክስቴ ማሳ ላይ የሆነው እዚህም ሆነ፤ ሴቲቱን ማንም እጇን ይዞ ሥራ አላስገባትም፣ የሚከለክላት ሰው ሕጋዊ ሥልጣኑን ነው ያጣው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። የሴት መብት ምርት ይጨምራል፣ ዕድገት ያፋጥናል እያልን ብቻ ስንከራከር፣ ምርቱ ባይጨምርስ? አክስቴ ለታናሹ ወንድም እየሰጠች ግማሿን ትንሽ እየበላች ብትኖር ኖሮ ደብተሩ ከንቱ ነበር? አልነበረም። ማንም ሊያስወጣት አይችልም ነበርና። አንድ ባልቴት በገዛ ቤቷ ቀለብተኛ እንዳትሆን መከልከል ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ኩንታሉ ቢጨምር ደስ ይለኛል፤ መብቷን ግን በኩንታል አልመዝነውም።

ደብተሩ ያልያዛቸው

ሩዋንዳ በዚህ ረገድ ብዙ ታስተምራለች። ከዘር ማጥፋቱ በኋላ ባልቴት የበዛባት አገር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1999 ሴት ልጅ እንድትወርስ በሕግ ፈቀደች፤ ከ2009 ጀምሮም ከ10 ሚሊዮን በላይ ይዞታዎችን መዝግባለች። በሙከራ ምዝገባው ወቅት የታየው ነገር ግን ልብ የሚያሳዝን ነበር። በሕግ የተጋቡ ሴቶች መብታቸው ሲጠናከር፣ የጋብቻ ወረቀት ሳይኖራቸው አብረው የሚኖሩቱ ግን ከመዝገቡ የመቅረት ዕድላቸው ሰፋ። ወረቀት የሌለውን መብት ወረቀት ሲመጣ ያጠፋዋል። ስህተቱ ታይቶ የመመዝገቢያው አሠራር ተስተካከለ፤ ቆይቶ ቢሆን ግን ለብዙዎቹ አይደርስም ነበር።

በእኛም ቤት ደብተሩ ያልያዛት ሴት አለች። የአክስቴ ልጅ ሳውዲ ናት። ስትሄድ ያደረገችው ውሳኔ ከቁጣ የመጣ አልነበረም፤ የወላጆቿ መሬት ለሁለት ወንድሞቿ እንኳ እንደማይበቃ ታውቅ ነበር። ደብተሩ ሚስትን ከባል እኩል አደረገ፤ መሬት ያላገኘ ወጣት ግን በሁለቱም ፎቶ ላይ የለም። ከወንዱ ወጣት ይልቅ ሴቷ ቀድማ የምትወጣው፣ ወንዱ ቢያንስ በእኩል የሚያርሰው መሬት ስለሚያገኝ ነው። ሞፈር መጨበጥ የተነወረባት ልጅ እኩል አራሽ እንኳ መሆን አትችልም። ሰው ቤት ልትሠራ ባሕር ትሻገራለች።

በእናቷ ማሳ ላይ የሚፈሰውን ማዳበሪያ የምትገዛው እሷ ናት። የጊደሯን ዋጋ የሞላችውም እሷ። አክስቴ ታዲያ «ከኔ በኋላ መሬቱ ለሷም እንዲደርሳት ስሟን ማስጻፍ እፈልጋለሁ» ትላለች። ወንዶቹ ልጆቿ አይቃወሙም፤ አንዱ እንዲያውም «ከኛ በላይ የሚገባት ለሷ ነው» ብሏል። የ1997ቱ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ግን ይዞታ በውርስ የሚተላለፈው ለቤተሰብ አባል ነው ይልና፣ የቤተሰብ አባል ማለት ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርና መተዳደሪያውን የሚጋራ ሰው ነው ብሎ ይተረጉመው ነበር። በዚያ ትርጉም መሠረት ደመወዟን በየወሩ ወደዚያ ማሳ የምትልክ ልጅ የቤተሰብ አባል አትሆንም ነበር። እንጀራዋን የምትጋግረው ሪያድ ቢሆንም መተዳደሪያውን ከማንም በላይ ተጋርታለች።

በ2016 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ፣ ቁጥር 1324፣ ያንን ተክቷል። ይዞታን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ይቻላል ማለቱን ብዙ ሰው አውርቶለታል፤ ለአክስቴ ይህ ብዙም አይደለም፣ ብድር አትወድም። እሷ የምትጠብቀው የልጇን ነገር ነው። አጨዳው ካለቀ በኋላ አብረን ወረዳው መሬት አስተዳደር እንሄዳለን፤ የልጇን የገንዘብ መላኪያ ደረሰኞች፣ የወንድሞቿን የስምምነት ቃል፣ አረንጓዴውንም ደብተር ይዘን ጥያቄውን በጽሑፍ እናቀርባለን። የሚሰጡንን መልስ፣ እሺም ይሁን እምቢ፣ እዚሁ እጽፈዋለሁ። ከአገር ውጭ ሆናችሁ ለቤተሰብ መሬት የምትልኩ እህቶች ይህን ጥያቄ በየወረዳችሁ ካነሳችሁት ምን እንደተባላችሁ ጻፉልኝ።